ለአንዲት ጥያቄ የዓመት ፈቃድ ይሰጥልን

ነሐሴ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አራት ኪሎ

ጉዳዩ፦ ለረጅም ጊዜ ላገለገለች ጥያቄ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

በቅድሚያ ለተሠራው ሥራ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። የትኛው ሥራ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እናንተም ሚኒስትር ስትጠይቁ የምትጀምሩት በዚሁ ስለሆነ ደንብ መስሎኝ ነው።

ዕረፍት ላይ እንደሆናችሁ አላጣሁትም። ሕገ መንግሥቱ የሥራ ዘመናችሁን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 አድርጎታል፤ በመሃልም የአንድ ወር ዕረፍት መውሰድ ትችላላችሁ። ዘንድሮ እንኳ ሐምሌ 10 ቀን ተሰብስባችሁ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጁን አጽድቃችኋል፤ ከዕረፍታችሁ የተቆረጠባችሁን ቀን ያህል አዝኛለሁ። እንዲያም ሆኖ ለመስከረም የቀረው ጊዜ ይህችን ደብዳቤ ለማንበብ ይበቃል ብዬ ጻፍኩ። የመጣሁት ለራሴ አይደለም። የመጣሁት እናንተ ዘንድ ለምትሠራ፣ ግን አንድም ቀን አርፋ ለማታውቅ አንዲት ጥያቄ ነው።

ታውቋታላችሁ። «የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወሰነው መቼ ነው?» ትባላለች። ዕድሜዋ ከዚህም ይገፋል፤ በእናንተ ቤት በመደበኛነት የተቀጠረችው ግን በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲጸድቅ ነው። ብዙዎቻችሁ ያኔ ገና አልተመረጣችሁም፤ ወንበሩ ግን ያው ወንበር ነው። በአዋጁ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ የመንግሥት፣ የሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሌሎች ባለድርሻዎች ወኪሎች የሚቀመጡበት የደመወዝ ቦርድ ተጻፈ። ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ያሻሽላል ተባለ። ሥልጣንና ኃላፊነቱ ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ነጥቡ ተዘጋ። ከዚያች ነጥብ በኋላ ጥያቄዋ ሥራ ጀመረች። እነሆ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቦርዱም አልተቀመጠም፣ እሷም አልተቀመጠችም።

ራሳችሁ ባጸደቃችሁት አዋጅ ላስላላችሁ። ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የጥያቄዋ ሲደመር ከመቶ ቀን ያልፋል። ይህ የትርፍ ሰዓቷን ሳይጨምር ነው። ሚያዝያ 23 በመጣ ቁጥር፣ ሠራተኛው ሁሉ በዓሉን ሲያከብር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን እሷን አደባባይ ያወጣታል። በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው የሰዓቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል ይላል አዋጁ። ለጥያቄዋ እስካሁን የተከፈላት «አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚል ብቻ ነው።

የመልሷ ነገር ደግሞ ይለያል። «ጥናት ላይ ነው» ይባላል ስሙ። በአዋጁ መሠረት አንድ ቅጥር በሙከራ ላይ መቆየት የሚችለው ከ60 የሥራ ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ብቁ ካልሆነ ይሰናበታል፣ ካልተሰናበተ ቋሚ ይሆናል። «ጥናት ላይ ነው» ስድስት ዓመት በሙከራ ላይ ቆየ። ብቁ ነው እንዳይባል ሥራ ሲሠራ ያየው የለም፤ ብቁ አይደለም እንዳይባል በየዓመቱ ይዞት የሚመጣ ሚኒስቴር አለ። ስለዚህ በሕጉ አነጋገር ቋሚ ሠራተኛ ሆኗል ማለት ነው። ጡረታውንም ከእናንተው ጋር ይወጣ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ግጥምጥሞሽ ላስታውሳችሁ። የደመወዝ ቦርዱ የተጻፈው በአዋጁ አንቀጽ 55 ላይ ነው ብያለሁ። እናንተ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርታችሁ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን የተጻፈላችሁ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55፣ ንዑስ አንቀጽ 17 ላይ ነው። ሁለት 55 አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ ስድስት ዓመት ሳይገናኙ ቀሩ። የአዲስ አበባ ትራፊክ እንደሆነ እንጃ።

ስትጠይቁ በቴሌቪዥን አያችኋለሁ። ብቻዬን አይደለም፤ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ባለችው ባለ ጀበና ዘንድ ተሰብስበን ነው። ፊልም የሚያይ ሰው መሃሉን አይቶ መጨረሻውን ይገምታል፤ እኛ ግን ከአድናቆቱ ተነስተን መልሱን በቃል እንደርሳለን። አንድ አባል ይነሳሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይጠይቃሉ። ሌላው ይነሳሉ፣ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ። ሦስተኛው ስለ ዘይት፣ አራተኛው ስለ ሲሚንቶ፣ አምስተኛው ስለ ወረዳቸው መንገድ፤ መንገዱ ለሌላ ሚኒስትር የሚቀርብ ቢሆንም «ዕድሉን ካገኘሁ አይቀር» ብለው። ከዚያ ክቡር ሚኒስትሩ መነጽራቸውን ያስተካክሉና «የተነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይነት ስላላቸው ጠቅለል አድርጌ እመልሳለሁ» ይላሉ።

ባለ ጀበናዋ ይህችን «ጠቅለል» ወዳታለች። አንድ ቀን አንዳችን ቡና፣ አንዳችን ሻይ፣ አንዳችን የጾም ሳንቡሳ አዘዝን። ተመልሳ ለሦስታችንም ሙቅ ውኃ አቀረበች። ምነው ስንላት «ትዕዛዛችሁ ተመሳሳይነት ስላለው ጠቅለል አድርጌው ነው» አለች። ሳቅን። ሒሳቡን ግን ጠቅለል አላደረገችልንም።

እውነቱን ለመናገር ከመሃላችሁ የሚያፋጥጡ የሉም አልልም። አንድ ሁለት ሰው አለ፣ ቁጥር ይዞ የሚመጣ፣ «ቀኑን ይንገሩኝ» የሚል። እነሱ ሲናገሩ ባለ ጀበናዋ ሳትቀር ድምፁን ከፍ አድርጉት ትላለች። ማነሳቸው ግን አይገርምም፦ በ2007 ምርጫ 547ቱም ወንበር ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ስለነበር የሚያፋጥጥ ቢፈለግም ከየት ይመጣል? በ2013 ደግሞ መጀመሪያ ውጤት ከተገለጸላቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ገዢው ፓርቲ ወሰደ። ቤተ ዘመድ ጉባኤ ላይ አጎትን ማፋጠጥ ነውር እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ዘመድ ዘመዱን ደመወዝ ሲጠይቀው ነውር ቢሆንም፣ ሲከለክለውስ ነውር አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ሸማቹ ልምጣ። ለሠራተኛው የተጠየቀውና ለሸማቹ የተጠየቀው ለሁለት ሚኒስቴር ስለሚቀርብ ሁለት ሰው ይመስላል። አንድ ሰው ነው። ጠዋት ሠራተኛ፣ ማታ ሸማች ነው። ጠዋት የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመለከተዋል፤ ማታ ሱቅ በር ሲደርስ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይረከበዋል። የርክክብ ሰነድ ግን ማንም አይፈርምም።

ስለ ሸማች የወጣውን አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንብባችሁት ከሆነ ቆንጆ አዋጅ ነው፤ አንዳንዱ አንቀጽ ለሠርግ ምርቃት ይሆናል። ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ዕቃ አገላብጦ ስላየ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። ነጋዴ በትሕትናና በአክብሮት ሊቀበለው ይገባል፤ ከስድብና ከዛቻም ይጠበቃል። ዋጋ በግልጽ ቦታ ይለጠፋል፣ ዕቃው ላይ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ይለወጣል ወይ ገንዘቡ ይመለሳል። ይህን ሁሉ አንብቤ በማግስቱ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈ ትልቅ ማስታወቂያ ተቀበለኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፣ ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ነው። የትኛው ይበልጥ እንደሚነበብ ባለሱቁ ያውቃል።

አዋጁን የሚያስፈጽም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን። በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 ታጥፎ ሥራው ለሚኒስቴሩ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሸማቹ ስለ ንግድ ሚኒስቴር ቅሬታ ሲኖረው ለንግድ ሚኒስቴር ያመለክታል። ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው።

ይህን አዋጅ ማንሳቴ ግን ለዘይትና ለስኳር ብቻ አይደለም። አዳራሻችሁ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ምርት መልስ ነው። ገዢው እኔ ነኝ፤ ዋጋውን በግብር ከፍያለሁ። ታዲያ እንደ ሸማች መለያውን ላንብበው። የምርቱ ስም፦ «በትኩረት እየተሠራበት ነው»። ንጥረ ነገሮቹ፦ ትኩረት፣ ቅንጅት፣ ርብርብ፣ የተቀመጠ አቅጣጫ፣ ጥቂት የአመለካከት ችግር። የመልስ መጠን፦ አልተገለጸም። የተመረተበት ቀን፦ አልተገለጸም፤ ቢሆንም አምና የገዛሁትና ዘንድሮ የገዛሁት ጣዕማቸው አንድ ነው። የሚያበቃበት ቀን፦ የለውም። አይበላሽም፣ አያጠግብም። በየትኛውም ሱቅ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢገኝ ተቆጣጣሪዎች በሩን አሽገው ስሙን በሬዲዮ ያሳውቁ ነበር።

ማሸግን ካነሳሁ አይቀር፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የዋጋ ጥያቄ ወደ እናንተም ወደ ሚኒስቴሩም ጎረፈ። የመጣው መልስ የታሸጉ ሱቆች ብዛት ሆነ። «ስግብግብ ነጋዴ» የሚባለው ሰውዬ እንደ ልማዱ ተጠርቶ መጣ። ይህ ሰው ደርግንም ያገለገለ፣ ኢሕአዴግንም ያገለገለ፣ አሁንም ያላረፈ ነው፤ የሚገርመኝ ጉልበቱ ነው። የለም ማለቴ አይደለም፤ መጋዘኑን ቆልፎ ነገን የሚጠብቅ ነጋዴ እኔም አውቃለሁ። ብር በግማሽ ሲረክስ ግን የጥፋተኛው ዝርዝር በአንድ ባለሱቅ ሲያልቅ፣ ጥያቄው በመልስ ፋንታ በካቴና የታሰረ ይመስለኛል።

በ2003 አንዴ ሞክረነዋል። በታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሠራ። ጣሪያው ተሠራ፣ ዕቃው ከጣሪያው ሥር ጠፋ። ስኳርና ዘይት ፍለጋ ሰልፍ ቆመን ያሳለፍነውን ጊዜ እናቶቻችን አልረሱትም። ከወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኛው ዕቃ ላይ ተነሳ፤ ዋጋውም መንገዱን ቀጠለ። እናም ዛሬ ሠራተኛው የሚኖርበትን ቤት ላሳያችሁ፦ ዋጋው ጣሪያ የለውም፣ ደመወዙ ወለል የለውም። ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተጽፏል።

ወለል ማበጀት አታውቁም እንዳልል ታውቃላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በ2017 ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሎ ነበር፤ ወለል ይሉታል ይህን። ሐምሌ ላይ ያጸደቃችሁት አዋጅ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጓል። ስድስት መቶው ከ2008 ጀምሮ የቆየ ነበርና ማሻሻሉ ምስጋና ይገባዋል። በዚህች ከተማ በ2,000 ብር ወር የሚያደርስ ሰው ከተገኘ ግን ግብር ሊነሳለት ሳይሆን ኒሻን ሊሰጠው ይገባል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ለግብር የሚጀምርበትን ብር በቁጥር ታውቁታላችሁ፤ ምጣኔው እስከ 35 በመቶ ድረስ በደረጃ ተቀምጧል። ያው ደመወዝ ለሠራተኛው የሚጀምርበት ብር ሲጠየቅ ግን ጥናት ይሆናል። አንዱን ገንዘብ ከአንድ ጫፍ ሲይዙት የሚቆጠር፣ ከሌላው ጫፍ ሲይዙት የማይቆጠር ምን ዓይነት ገንዘብ ነው?

የሕንፃችን ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ሃያ አራት ሰዓት ሠርተው ሃያ አራት ሰዓት ያርፋሉ። ይህ በሳምንት ሲደመር በአማካይ 84 ሰዓት ነው፤ አዋጃችሁ በሳምንት 48 ይላል። ቀጣሪያቸው ሕንፃው አይደለም፣ ኤጀንሲ ነው። ሕንፃው ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው ለእሳቸው ይከፍላል፤ መሃል ላይ ስንት እንደሚቀር የሚያውቀው መሃል ላይ ያለው ብቻ ነው። ኮንፌዴሬሽኑ ይህን የኤጀንሲ ነገር ለዓመታት ሲጮህበት ኖሯል። አንድ ማክሰኞ ስብሰባችሁ ሲተላለፍ አባባ ቆመው ሰሙ፤ የደመወዝ ወለል የሚለው ቃል ሲነሳ ቀረብ አሉ። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ምን አሉ? እሺ ነው ወይስ እምቢ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ ከእሳቸው የበለጠ አልገባኝም ነበር። «እየተጠና ነው አሉ አባባ» አልኳቸው። «ሃይ፣ ተማሪ ቤት ያስገባሁት ልጄ እንኳ ስድስት ዓመት አጥንቶ ፈተና ይቀመጣል» ብለው ወደ በሩ ተመለሱ።

ክቡራን፣ ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እሺ ወይስ እምቢ?

እምቢ ከሆነ ምክንያቱን የማናውቀው አይምሰላችሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ባለሀብት የተጠራው ሰፊና ርካሽ የሰው ጉልበት አለን ተብሎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በግንቦት 2011፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ጥናት የፓርኩ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፈ፤ በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ነው አለ። የባንግላዴሽ ዝቅተኛ ደመወዝ በዚያው ጥናት 95 ዶላር ነበር። ስለዚህ ወለል ብናበጅ ባለሀብቱ ይሸሻል፣ ሥራ አጡ ይበዛል የሚል ክርክር አለ። ሊያከራክር የሚችል ክርክር ነው፤ እኔ ባልስማማበትም በጨዋ ደንብ ልሰማው ዝግጁ ነኝ። ያው ጥናት ግን አንድ ሌላ ነገርም ጽፏል፦ ደመወዙ የሚያኖር ስላልሆነ ሠራተኞቹ ሥራውን ጥለው እየሄዱ፣ ፋብሪካዎቹ በመልቀቅ ብዛት ይቸገራሉ። ርካሽ ጉልበት ርካሽ ሆኖ አልቀረም ማለት ነው። እንግዲህ ተነስታችሁ ይህን ክርክር በአዳራሹ አድርጉት። ሚኒስትሩ «አዋጁ ላይ ብንጽፈውም አናደርገውም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ይበሉ፤ እናንተ ደግሞ «እንግዲያው አንቀጹን እንሰርዘዋለን» ወይም «አትችሉም፣ ታደርጉታላችሁ» በሉ። ያኔ ሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብቱ ተጠበቀ ይባላል። ጥራት ያለው «እምቢ» ከጉድለቱ ጋር ከሚሸጥ «ትኩረት» ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ በትሕትና የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ጥያቄዋ ያጠራቀመችው የዓመት ፈቃድ ይሰጣት፤ መስከረም ላይ እንደገና አታስነሷት፤ በእሷ ቦታ ቀን ያለው ትዕዛዝ ተቀጥሮ ይሥራ። ሚኒስትሮች መልስ ሲያቀርቡ የሚያበቃበትን ቀን በግልጽ ቦታ ይለጥፉ። አምና የተሰጠ መልስ ዘንድሮ በአዲስ ማሸጊያ ሲመጣ አፈ ጉባኤው ደረሰኙን ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን በጥያቄ መጀመሪያ ላይ የሚቀርበው አድናቆት ለጥቂት ጊዜ ይቆየን፤ ሥራው ሲሠራ እኛው ከነወለዱ እንከፍላለን።

ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ፤ ይህንንም ያልኩት የደብዳቤ ደንብ ስለሆነ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠዋት ሠራተኛ፣ ማታ ሸማች

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ በትኩረት እንዲያዩት፤
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ በቅንጅት እንዲያዩት፤
ለባለ ጀበናዋ፣ ጠቅለል አድርጋ እንድታየው፤
ለአባባ፣ በሃያ አራተኛው ሰዓት በር ሲያስረክቡ ተነቦ እንዲነገራቸው።